ከቻሊ እስከ ጾሬ፦ ግቢው የተሠራው ለማን ነው?



አንድ ኮሌጅ ለመጎብኘት ስንሄድ አስጎብኚዎቻችን በመጀመሪያ የሚያሳዩን ነገር የታወቀ ነው። አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ስንት መጽሐፍ እንዳለው፣ አዲሱ ሕንጻ ስንት ፎቅ እንደሆነ ይነገረናል። ኮሌጁ መንፈሳዊ ከሆነ ደግሞ ጸሎት ቤቱ ይጨመራል። እኛም አንገታችንን ቀና አድርገን ጣራውን እናደንቃለን፤ አድንቀንም ወደየቤታችን እንመለሳለን። በጓሮ በኩል ያለውን፣ ማለትም የሴቶቹን መኝታ ክፍል፣ ወጥ ቤቱን፣ የውሃውን ቧንቧና የመጸዳጃ ቤቱን መዝጊያ ግን ማንም አያሳየንም፤ እኛም አንጠይቅም። ይሁን እንጂ ቤት ያስተዳደረች ሴት ሁሉ እንደምታውቀው፣ የአንድ ቤት ይዞታ የሚታወቀው በእንግዳ መቀበያው ሳይሆን በጓዳው ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን እንግዲህ የክርስቲያን ትምህርት ቤቶችንና ኮሌጆችን ግቢ በጓሮ በር ገብተን እንጎበኛለን። ጉብኝታችንን የምንጀምረው ግን ባለ ፎቅ ሕንጻ ካለበት ሳይሆን ከሣር ጣራ ሥር ነው። ቦታውም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ አቅራቢያ የሚገኘው ጾሬ ነው። ለምን ከዚያ እንደምንጀምር ወደኋላ ይገለጻል። ለጊዜው ግን በጾሬ ካለፉት ሰዎች መካከል ግቢያቸውን አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግመው ያጡ፣ ደጋግመውም የሠሩ መኖራቸውን ብቻ ልብ በሉልን።

ጾሬ የት ነው?

ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ በአምቦ፣ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አድርጎ፣ ባምባሲን አልፎ አሶሳ ይገባል። ርቀቱ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ ምዕራብ በተጓዘ መጠን ደጋው እየቀረ፣ ነፋሱ እየሞቀ ይሄዳል፤ ጠዋት የተደረበው ጋቢ ከቀትር በኋላ ተጣጥፎ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። አሶሳ የማንጎ አገር ናት። በየደጃፉ የቆመው ማንጎ ፍሬው ብቻ ሳይሆን ጥላውም ሀብት ነው፤ ሽማግሌዎች የሚመካከሩት፣ ሴቶች ቡና የሚያፈሉት፣ ልጆች የሚያጠኑት ከሥሩ ነው። ከማንጎው ቀጥሎ ዓይን የሚገባው ሽመል ነው። ይህ የቆላ ቀርከሃ በአገራችን በሰፊው ከሚበቅልባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ክልል ሲሆን፣ ቤቱም፣ አጥሩም፣ አልጋውም ከእርሱ ይሠራል።

ከአሶሳ ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው አቅጣጫ የሆሞሻ ወረዳ ይገኛል። ጾሬም በዚሁ ወረዳ ነው። አካባቢው የቤርታ ሕዝብ አገር ሲሆን፣ ከነዋሪው አብዛኛው የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ነው። የቤርታ ሕዝብ ከጠረፉ በወዲህም በወዲያም ይኖራል፤ ገበያውም ዝምድናውም የተያያዘ ነው። ጦርነት ሲነሣ ሰው የሚሸሸው ዘመድ፣ ውሃና ሰላም ወዳለበት ነውና፣ ጾሬ በስደተኞች ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስሙ ይነሣል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ከሱዳኑ የብሉ ናይል ግዛት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሰፈሩበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2015 በዚሁ ስም አዲስ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ በተከፈተ ጊዜ ነው። በሁለቱ መካከል ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል። አንዲት ሴት በዚህ ጊዜ ውስጥ ተወልዳ፣ አድጋ፣ አግብታ፣ ልጅዋን ትምህርት ቤት ልታስገባ ትችላለች።

የቻሊ ግቢ

እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ ጾሬ ከመጡት መካከል ኡዱክ የሚባሉት ሕዝብ ይገኙበታል። አገራቸው ከኩርሙክ በስተ ደቡብ፣ ቻሊ በተባለችው መንደር ዙሪያ ነው። ስለ እነዚህ ሰዎች ለዚህ ዓምድ አንባብያን በተለይ የሚነገር ነገር አለ። በኡዱክ ባሕል ዘር የሚቆጠረው በእናት በኩል ነው። ልጅ ከእናቱ ወገን ነው፤ ወንድ ልጅም ቢሆን ከአባቱ ይልቅ ወደ እናቱ ወንድሞች ይጠጋል። ስለዚህ በኡዱክ ዘንድ «ወገንህ ማን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልሱ ከእናቱ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የሱዳን የውስጥ ሚስዮን የተባለው ድርጅት በቻሊ አንድ ጣቢያ አቋቋመ። ይህ ድርጅት በአገራችን ደቡብ ክፍል ቀድሞ ይሠራ የነበረና የዛሬይቱ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከሥራው የተነሣች ናት። የኢጣሊያ ወራሪ አገራችንን በያዘ ጊዜ ሚስዮናውያኑ ለመውጣት ተገደዱ፤ ከመካከላቸውም አንዳንዶቹ፣ እንደ ማልኮልም ፎርስበርግና ባለቤቱ ኢኒድ ያሉት፣ ወደ ሱዳን ተሻግረው በቻሊ ሥራቸውን ቀጠሉ። በሌላ አነጋገር የቻሊ ግቢ ታሪክ ገና ከመጀመሪያው ከኢትዮጵያ ጋር የተሳሰረ ነው።

የቻሊ ግቢ ኮሌጅ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የሠራተኞች መኖሪያ የነበሩበት የገጠር ጣቢያ ነበር። ሆኖም በአፍሪቃ ውስጥ ዛሬ ኮሌጅ የምንላቸው ብዙዎቹ መንፈሳዊ ተቋሞች የተጀመሩት በዚህ ዓይነት ነው፤ አንድ ክፍል ለፊደል፣ አንድ ክፍል ለጸሎት፣ አንድ ክፍል ለበሽተኛ።

በዚህ ግቢ ረጅም ዘመን ካገለገሉት መካከል ሁለት ሴቶች ይጠቀሳሉ። ስማቸው ሜሪ ቢምና ኤልዛቤት ክሪድላንድ ነው። እነዚህ ሁለት ሴቶች እስከዚያ ጊዜ ድረስ ያልተጻፈውን የኡዱክ ቋንቋ አጥንተው፣ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ አድርገው፣ የማንበቢያ መጻሕፍት አዘጋጅተውለታል። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ ኪዳን በኡዱክ ቋንቋ ታትሞ ወጣ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1970 ያዘጋጁት መዝገበ ቃላት በካርቱም ታተመ።

የግቢው ክፍሎች ከምን እንደተሠሩ ከመናገር ይልቅ ምን እንደሠሩ መናገር ይሻላል። በጥንቱ የኡዱክ ልማድ መንታ መውለድ እንደ ክፉ ምልክት ይፈራ ነበር፤ መንቶቹ በሕይወት እንዲቆዩ የማይፈቀድበት ጊዜ እንደነበረም ተጽፏል። በቻሊ ግቢ ግን መንቶች መጠጊያ አገኙ፤ አደጉም። መንታ የወለደች እናት ልጆችዋን ይዛ የምትገባበት በር መኖሩ፣ ለእርስዋ ከማናቸውም አዳራሽ ይበልጥ ነበር። እንግዲህ የአንድ ግቢ ጥቅም የሚመዘነው እንዲህ ነው፤ ማን ገብቶበት ተረፈ? ብሎ በመጠየቅ።

ሕንጻው ሲቀር

እ.ኤ.አ. በ1964 የሱዳን መንግሥት የውጭ ሚስዮናውያንን ባስወጣ ጊዜ ሜሪ ቢምና ባልደረባዋም ቻሊን ለቅቀው ሄዱ። ግቢው በአገሬው ምእመናን እጅ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የሱዳን የርስ በርስ ጦርነት በአካባቢው ተፋፍሞ የኡዱክ መንደሮች ተቃጠሉ። ሕዝቡ ቤቱንም፣ እርሻውንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ትቶ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ተሻገረ። ጾሬ የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው።

ጾሬም ቢሆን አላረጋቸውም። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1990 ውጊያው እስከ አሶሳ ደረሰና ጣቢያው ባዶ ሆነ። ሰዎቹ በእግራቸው ወደ ደቡብ ተጉዘው ጋምቤላ ውስጥ ወደሚገኘው ኢታንግ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1991 በኢትዮጵያ የመንግሥት ለውጥ ሲሆን ከኢታንግም ወጥተው ወደ ናስር፣ ወደ ሱዳን ምድር ተመለሱ። በዓመቱ እንደገና ወደ ጋምቤላ መጥተው በካርሚ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1993 በቦንጋ ሰፈሩ። ይህ ቦንጋ የጋምቤላው እንጂ የከፋው አይደለም። በካርሚ ስለነበራቸው ኑሮ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1993 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታይቷል። የስደታቸውን ታሪክ ከእነርሱ አፍ ሰምታ የመዘገበችው ደግሞ እንግሊዛዊቷ የባሕል ተመራማሪ ዌንዲ ጄምስ ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 የሱዳን የሰላም ስምምነት ተፈርሞ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 በብሉ ናይል ጦርነቱ እንደገና ተነሣ። ስደቱም እንደገና ተጀመረ። የአሁኑ የጾሬ ጣቢያም የተከፈተው ከዚህ በኋላ የሚመጡትን ለማስጠለል ነው።

አንባብያን ሆይ፤ ይህን ሁሉ የቦታ ስም የዘረዘርነው ልናደክማችሁ አይደለም። በእያንዳንዱ ስም ላይ አንድ የተተወ ቤት፣ አንድ የተተወ ምድጃ፣ አንድ የተተወ የጸሎት ቤት እንዳለ እንድታስቡልን ብለን ነው። እነዚህ ሰዎች ሊሸከሙት ያልቻሉት ሕንጻውን ነው። ይዘውት የሄዱት ደግሞ በገዛ ቋንቋቸው ማንበብንና መጻፍን፣ መዝሙርንና የእናታቸውን ወገን ነው። በየጣቢያው ተበታትነው ሳሉ በኡዱክ ቋንቋ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። በቻሊ ግቢ የተቆጠረ ፊደል ግቢው ከቀረ በኋላ የጠፋ ልጅ ማፈላለጊያ ሆነ ማለት ነው።

ሽመል፣ ጭቃና ሣር

በስደት አገር ትምህርት ቤትም ሆነ ጸሎት ቤት የሚጀመረው በአካባቢው ከሚገኝ ነገር ነው። በጾሬ አካባቢም የሚገኘው ሽመል፣ ጭቃና ሣር ነው። ይህ አሠራር የቤርታውም የገጠር ነዋሪ አሠራር ስለሆነ የሚያሳፍር አይደለም። ይሁን እንጂ ብዙ እንክብካቤ ይጠይቃል። ሽመሉ ሳይጠና ከተቆረጠ ነቀዝ ቶሎ ይበላዋል፤ ሦስት ዓመት ያህል የሞላው ተመርጦ በበጋ መቆረጥ አለበት። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት ጣፋጩን ያወጣለታልና ነቀዝ ይቀንስለታል። ምስጥ ደግሞ ከመሬት ይወጣል፤ ስለዚህ ምሰሶው ከአፈር እንዳይነካ ከድንጋይ ላይ ማቆም ይረዳል። የሣሩ ጣራ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅበት አገር ነውና አንድ ቀዳዳ አንድ ክፍል ደብተር ያበሰብሳል።

ይህን ሥራ የሚሠራው ማን ነው? ምሰሶ የሚተክለው ወንድ ቢሆንም በገጠራችን ሣር የምታጭደው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ ጭቃ የምታቦካውና የምትለቀልቀው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ሕንጻው ሲመረቅ ግን ስለ ምሰሶው ይወራል እንጂ ስለ ልቅላቂው አይወራም።

በዚሁ ክልል የጉሙዝ ሴቶች ሸክም የሚሸከሙበትን ዘዴ ያየ ሰው አይረሳውም። ሸክማቸውን በጀርባ አያዝሉም፤ በትከሻቸው ላይ አንድ ዘንግ አጋድመው በሁለቱ ጫፍ ያንጠለጥሉታል። ሁለቱ ጎን ካልተመዛዘነ መራመድ አይቻልም። የትምህርት ግቢም እንደዚሁ ነው። በአንድ ጫፍ ሰዉ አለ፤ በሌላው ጫፍ ቤቱ አለ። የኡዱኮች ታሪክ የሚያስተምረን ሰዉ ያለ ቤቱ ብዙ ዘመን ሊዘልቅ መቻሉን ነው። ይህ ማለት ግን ቤቱ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በተለይ ለሴት ልጅ።

በዋና ከተማ ያሉት ግቢዎች

አሁን ከጾሬ ተነሥተን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ከድንጋይና ከሲሚንቶ የተሠራ ግቢም ቢሆን ለዘለዓለም የተያዘ አይደለም። በአራት ኪሎ ከመንበረ ጸባኦት ካቴድራል አጠገብ የሚገኘውን የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1960 በኮሌጅ ደረጃ ተከፍቶ፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ ሕንጻው ለሌላ አገልግሎት ውሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንደገና ለመንፈሳዊ ትምህርት ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመሠረተው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪም በመካኒሳ የሚገኝ ሲሆን፣ ከአገራችን ልዩ ልዩ ክፍሎች የመጡ አገልጋዮችን አሠልጥኗል። እንግዲህ ባለ ሣሩ ግቢ በእሳት ቢጠፋ ባለ ድንጋዩ በአዋጅ ሊወሰድ ይችላል። ሁለቱንም መልሶ የሚያቆማቸው ተማሪው ነው።

ነገር ግን ተማሪው ማን ነው? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። መንፈሳዊ ኮሌጆች ብዙ ዘመን የተሠሩት ወንድ ተማሪ ታስቦ ነው። ካህን፣ ሰባኪ፣ ወንጌላዊ ሲባል በአእምሮ የሚመጣው ወንድ ነበርና መኝታ ቤቱም፣ መታጠቢያውም በእርሱ ልክ ተሠራ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሴቶች በቅስና እንዲያገለግሉ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ የተሾመችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሴሚናሪው ከተከፈተ 40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጉዳይ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ በዚያ አንገባም። ሆኖም ሴት በሰንበት ትምህርት ቤት መምህርነት፣ በሒሳብ ሠራተኝነት፣ በነርስነት ወይም በቤተ መጻሕፍት ሠራተኝነት የማታገለግልበት ቤተ ክርስቲያን የለም። ለዚህም ሁሉ ትምህርት ያስፈልጋታል፤ ለትምህርቱ ደግሞ የምታድርበት ክፍል።

ይህን ከእኛ በፊት የተረዱት አሉ። እቴጌ መነን እ.ኤ.አ. በ1931 በአዲስ አበባ የሴቶች ትምህርት ቤት ባቋቋሙ ጊዜ መማሪያ ክፍል ብቻ አሠርተው አልተውትም፤ አዳሪ ቤትም ነበረው። አዳሪ ቤቱ ባይኖር ኖሮ ትምህርቱ የከተማ ልጆች ብቻ ይሆን ነበር። ለክፍለ ሀገር ልጃገረድ የትምህርት በር የተከፈተው በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን በአልጋም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጓሮ በር ስንገባ

እስቲ አሁን አንዲትን ልጅ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። በጾሬ ጣቢያ ወይም በሆሞሻ ከሚገኝ የቤርታ መንደር ተነሥታ 12ኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ ናት እንበል። የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ዜጎች እንዲስተናገዱ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርትም በአገሪቱ አቅም መጠን ዕድል እንዲያገኙ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም በአቅራቢያዋ አለ። መንፈሳዊ ትምህርት የምትሻ ከሆነች ደግሞ ጉዞዋ ወደ ሩቅ ነው። ሕጉ አለ፤ ትምህርት ቤቱም አለ። እንግዲህ ይህች ልጅ ትምህርትዋን ፈጽማ መመለስዋን የሚወስኑት አምስት ነገሮች ናቸው እንላለን።

የመጀመሪያው መኝታ ቤቱ ነው። በግቢው ውስጥ ነው ወይስ በውጭ? ከውስጥ የሚቆለፍ መዝጊያ አለው? ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ መኝታ የሚወስደው መንገድ ማታ መብራት አለው? ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ሌሊት ክፍት ሆኖ መንገዱ ጨለማ ከሆነ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የተከፈተው ለወንዶቹ ብቻ ነው ማለት ነው። ማስታወቂያው ግን «ለሁሉም» ይላል።

ሁለተኛው መጸዳጃ ቤቱ ነው። ለሴቶች የተለየ፣ መዝጊያ ያለው፣ ውሃ የማይጠፋበት መሆን አለበት። ስለ ወር አበባ በጋዜጣ መጻፍ የሚያሳፍራቸው እንዳሉ እናውቃለን። ነገር ግን ልጃገረድ በየወሩ ጥቂት ቀን ከክፍል የምትቀረው ስለ ሰነፈች ሳይሆን የምትታጠብበትና የምትጥልበት ቦታ ስላጣች መሆኑን እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። በየወሩ ሦስት ቀን የቀረች ልጅ በአሥር ወር 30 ቀን ቀረች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ውጤትዋ ሲቀንስ «ሴቶች ይደክማሉ» ይባላል።

ሦስተኛው ውሃና ማገዶ ነው። ግቢው የራሱ ውሃ ከሌለው ቀጂዋ ማን ናት? ወጥ ቤቱ በእንጨት የሚያበስል ከሆነ ለቅሚያ የሚወጣው ማን ነው? በየስደተኛ ጣቢያው ሴቶችና ልጃገረዶች ለጥቃት የሚጋለጡት ይበልጡን ማገዶ ፍለጋ ሲወጡ መሆኑ በየጊዜው የሚነገር ነው። ስለዚህ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃና የጭስ መውጫ ያለው ወጥ ቤት የጤና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጉዳይ ነው። ግቢው ጥግ ላይ ዛፍ መትከልም አንድ መላ ነው።

አራተኛው የባለትዳር ተማሪዎች ጉዳይ ነው። ወደ መንፈሳዊ ኮሌጅ የሚገቡ ብዙ ወንዶች ትዳር የያዙ ናቸው። ሚስትና ልጆች አብረው ከመጡ በግቢው ወይም በአቅራቢያው ይኖራሉ። ባል አራት ዓመት ይማራል፤ ሚስት አራት ዓመት ልብስ ታጥባለች፣ ልጅ ታሳድጋለች፣ ጎኗን ያሳርፈኛል ስትል የገበያው ኑሮ ያንገላታታል። በምረቃው ቀን እርሱ ጥቁር ካባ ይለብሳል፤ እርስዋ ፎቶግራፉ ውስጥ ሕፃን ታቅፋ ትቆማለች። ሁለቱ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ግን ሴቶቹ ምክር ፍለጋ የሚመጡት ወደ እርስዋ ነው። ታዲያ ለእርስዋ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል፣ አንድ አስተማሪና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ቢመደብ ምን ያህል ወጪ ይሆናል? ሕንጻው እንደሆነ አለ፤ ከቀትር በኋላ ባዶውን የሚውል ክፍል በየኮሌጁ አይታጣም።

አምስተኛው የሕፃናት ማቆያ ነው። ለዚህ ትልቅ ሕንጻ አያሻም። አንድ ጥላ ያለው ክፍል፣ ምንጣፍ፣ ንጹሕ ውሃና በተራ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ይበቃሉ። በአሶሳ አገር ከማንጎ ጥላ ሥርም ይቻላል። የምታጠባ እናት ክፍል ውስጥ ገብታ ልብዋ ደጅ ላይ እንዳይቀር የሚያደርግ ይህ ነው።

ለወላጆችና ለለጋሾች

ውድ ወላጆች፤ ልጃችሁን ወደ ኮሌጅ ስትወስዱ፣ ኮሌጁ መንፈሳዊም ሆነ የመንግሥት፣ በዋናው በር ብቻ ገብታችሁ አትመለሱ። ዲኑን ከሰላምታ በኋላ የሴቶቹን መኝታ እንዲያሳዩአችሁ በትሕትና ጠይቁ። መዝጊያውን በእጃችሁ ሞክሩት። ቧንቧውን ክፈቱት። ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ መኝታው ያለውን መንገድ በእግራችሁ ተራመዱትና መብራቱን ቁጠሩ። ችግር ሲያጋጥማት ለማን እንደምትናገር፣ ያም ሰው ሴት መሆንዋን ጠይቁ። ይህ ነገር ፈላጊ መሆን አይደለም፤ ልጅዋን የምታገባ እናት የአማችዋን ቤት እንደምትመረምረው ያለ ነው።

ግቢ ለማሠራት ገንዘብ የምታዋጡ ምእመናንና በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ነገር እንለምናችሁ። ገንዘብ ሲዋጣ ለጸሎት ቤትና ለአዳራሽ ብዙ ሰው ይሽቀዳደማል። በእብነ በረድ ላይ ስም ይቀረጽበታልና። በመጸዳጃ ቤት ላይ ስሙን ያስቀረጸ ሰው እስካሁን አላየንም። ነገር ግን ከመቶ ሰዎች አሥሩ እንኳ መዋጮአቸው ለሴቶች መኝታ፣ ለውሃና ለመጸዳጃ እንዲውል ቢያሳስቡ ብዙ ልጃገረዶች ትምህርታቸውን ይፈጽማሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ!

ለኮሌጅ አስተዳዳሪዎችም የምንለው አጭር ነው። አዲስ ሕንጻ ሲነደፍ ከመሐንዲሱ ጎን አንዲት ሴት ተማሪና አንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛ አስቀምጡ። በሩ ወዴት ቢከፈት እንደሚሻል፣ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሌሊት የትኛው ጥግ እንደሚያስፈራ ከእነርሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

ጾሬን መነሻ ያደረግነው ለዚህ ነው። የቻሊ ግቢ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መንታ ይዛ ለመጣች እናት በሩን መክፈቱ ግን እስከ ዛሬ ይነገርለታል። ኮሌጆቻችንም ከዓመታት በኋላ የሚነገርላቸው በፎቃቸው ብዛት አይሆንም። እነሆ የትምህርት ዘመን መክፈቻ በየዓመቱ ይመጣል፤ በሚቀጥለው መስከረም ወደ አንድ ግቢ ስትገቡ ጓሮውን ሳታዩ እንዳትመለሱ አደራችን ነው።